ዘሩም ዕውቀቱም በአንድ ጎተራ ይቀመጥ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለው በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሥርጭት፣ እንዲሁም ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይገኝ አንድ ሀብት ነው። እሱም አርሶ አደሩ ከአባቱና ከእናቱ፣ እነሱም ከወላጆቻቸው የተረከቡት የእርሻ ዕውቀት ነው። መልእክቱም አጭር ነው። ይህ ዕውቀት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍልና በዙሪያው ከመሬቱ ጋር አብሮ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘሩንም ዕውቀቱንም በአንድነት የሚይዝ፣ የማኅበረሰቡ የሆነ የባህልና የዘር ቤት ሊያቋቁሙ ይገባል።

ከአውድማ ወደ አስፋልት

ዛሬ ቦሌ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሉና ፎቁ ነው። ነገር ግን የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው የጤፍ፣ የስንዴና የሽምብራ ማሳ ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ወደ ምሥራቅ መስፋፋቷን አላቆመችም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ገርጂ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። ቀጥሎም ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ ቡልቡላና ቦሌ አራብሳ ተራ በተራ የመኖሪያ ሰፈር ሆኑ። በቦሌ ለሚም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተከለ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመ።

የከተማ ዕድገት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። በእነዚህ ቤቶች ብዙ ሺህ ቤተሰብ ተጠልሏል፣ በፋብሪካዎቹም ብዙ ወጣት እንጀራ አግኝቷል። ይሁን እንጂ ትናንት ሦስት ጥማድ መሬት ያርስ የነበረ ሰው ዛሬ በዚያው መሬት ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ከእጁ የወጣው መሬቱ ብቻ አይደለም። የትኛው ማሳ በየትኛው ወር እንደሚታረስ፣ የትኛው ዘር ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ሣር ለበሬ እንደሚስማማ የሚያውቀው ነገር ሁሉ መዋያ ያጣል። በአሥር ዓመት ውስጥ ልጁ አይጠይቀውም፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ደግሞ የሚጠየቀው ሰው አይኖርም።

ካሳን በተመለከተ በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለቤት፣ ለሰብል፣ ለዛፍና በመሬት ላይ ለተደረገ ማሻሻያ ግምት እንዲሰጥ ይደነግግ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ጨምሯል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በካሳ ቅጽ ላይ ዕውቀት የሚገመትበት ዓምድ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። በገንዘብ የማይገመተውን ነገር ማዳን የሚቻለው ባለቤቱ ራሱ ተደራጅቶ ሲይዘው ብቻ ነው።

ዕውቀቱ ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰው የአባቶች ዕውቀት ሲባል ጭፈራና የባህል ልብስ ብቻ ይመስለዋል። እነዚህም የዕውቀቱ አካል ናቸው። ለአርሶ አደር ግን ዋናው በየዕለቱ የሚሠራበት ነው።

ለምሳሌ የምሥራቅ አዲስ አበባና የዙሪያዋ መሬት በአብዛኛው አርሶ አደሩ ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። ኮቲቻ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። በመሆኑም ጤፍ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቆይቶ ይዘራል። ሽምብራና ጓያ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል ተዘርተው አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋሉ። ይህን የዘመን አቆጣጠር የጻፈው መምህር የለም። ዘሩን አስቀድሞ ዘርቶ የበሰበሰበት፣ አዘግይቶም የደረቀበት አርሶ አደር በትውልድ ብዛት የደረሰበት ነው።

የእርሻ መሣሪያውም እንዲሁ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ምራን የሚሉት ስሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ለሞፈር የሚቆረጠው እንጨት ለድግር አይሆንም። የትኛው እንጨት፣ መቼ ተቆርጦ፣ ስንት ጊዜ ደርቆ እንደሚጠረብ የሚያውቁት ጥቂት አዛውንቶች ናቸው። ዛሬ በአያት ወይም በሰሚት ትምህርት ቤት የሚማር የአርሶ አደር የልጅ ልጅ ከእነዚህ ስሞች ስንቱን መጥራት ይችላል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስደስት አይሆንም።

የሴቶች ዕውቀት ደግሞ ይበልጥ የተረሳ ነው። ዘር መርጦ ለይቶ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የእናቶች ሥራ ነው። ባቄላን ወይም ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ሲያስቀምጡ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ይህ ዘዴ መርዝ አያስፈልገውም፣ ወጪም የለውም። የትኛው ስንዴ ለቂጣ፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሻልም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ምርምሩም የተነሣው ከዚሁ ነው

ባህላዊ ዕውቀትና ዘመናዊ ግብርና ተቃራኒዎች ናቸው የሚል አስተሳሰብ በአንዳንድ ባለሙያ ዘንድ አለ። እውነታው ግን ሌላ ነው።

ታዋቂው የሩሲያ ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ካየ በኋላ ሀገሪቱን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝሀነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መድቧታል። ያን ያህል ብዙ ዓይነት ስንዴና ገብስ ጠብቆ ያቆየው የምርምር ጣቢያ ሳይሆን አርሶ አደሩ ነበር።

በ1998 ዓ.ም ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም ሌላ ምስክር ነው። ቁንጮ ማኛና ዱከም የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው። ማኛ ነጭነቱ በገበያ የተወደደ ነበር፣ ዱከም ደግሞ ምርታማ ነበር። ሁለቱም መነሻቸው በአርሶ አደሩ እጅ የነበረ ዘር ነው። የተመራማሪው ልፋት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አርሶ አደሩ ማኛን ለይቶ ባያቆይ ኖሮ የሚዳቀል ነገር አይገኝም ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ የመጣው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ነው። በጉርድ ሾላ አካባቢ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ዛሬ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ግቢ ማለት ነው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ በጥቁር አፈር ላይ የሚተኛውን ውኃ ለማጠንፈፍ ምርምር ያካሂድ ነበር። በዚያን ጊዜ በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አርሶ አደሮች ማሳቸውን በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እያደረጉ ውኃውን በቦዩ ሲያወጡት ኖረዋል። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ መደብ በበሬ ለመሥራት ሁለት የሀገር ባህል ማረሻዎችን አጣምረው የመደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። በኋላም መሣሪያው በኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለአርሶ አደሩ ተሰራጨ። እንግዲህ ሐሳቡም ማረሻውም ከአርሶ አደሩ ተወስዶ፣ ተሻሽሎ፣ ወደ አርሶ አደሩ ተመለሰ ማለት ነው። ባህላዊ ዕውቀት ሲጠፋ የሚጎዳው የትናንቱ ትዝታ ብቻ ሳይሆን የነገው ምርምር ጭምር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ባለቤቱ ያልያዘውን ሌላው ይይዘዋል

ዕውቀትን አለመመዝገብ ሌላም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጤፍን በሚመለከት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ኩባንያው ግን የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀትና ከዱቄቱ የሚሠሩ ምግቦችን የሚመለከት የባለቤትነት መብት በአውሮፓ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ሲከስር ስምምነቱ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፣ የባለቤትነት መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሔግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ የተመዘገበውን መብት የፈጠራ ይዘት የለውም ሲል ሰረዘው። እንጀራ ጋጋሪ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር ‹‹አዲስ አይደለም›› ለማለት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፓራጓይ፣ በብራዚል፣ በአርጀንቲናና በቦሊቪያ የሚኖር ጉዋራኒ የሚባል ሕዝብ አለ። ይህ ሕዝብ ‹‹ካአ ሄኤ›› የሚለውን ጣፋጭ ቅጠል ከጥንት ጀምሮ ለመጠጥ ማጣፈጫነት ሲጠቀምበት ኖሯል። ቅጠሉ ስቴቪያ በሚል ስም ዛሬ በዓለም ገበያ የስኳር ምትክ ሆኖ ይሸጣል። ጉዋራኒዎች ግን መሬታቸው ለከብት እርባታና ለአኩሪ አተር እርሻ እየተወሰደ፣ ከዚህ ትልቅ ንግድ ድርሻ ይገባናል እያሉ በመከራከር ላይ ናቸው። የጤፍና የካአ ሄኤ ታሪክ አንድ ነው። ቅጠሉም እህሉም ዓለምን ሲዞር የባለቤቱ ስም ወደኋላ ቀረ።

በእርግጥ ኢትዮጵያ ሕግ አላት። በ1998 ዓ.ም የወጣው የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ከሚገኝ ጥቅም የመካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ በሥራ ላይ እንዲውል ግን ‹‹ይህ ዕውቀት የእነ እገሌ ቀበሌ ነው፣ ይህ ዘር ከዚህ ማሳ የተገኘ ነው›› ብሎ የሚመሰክር መዝገብና መዝገቡን የሚይዝ ባለቤት ያስፈልጋል።

ሌሎች እንዴት ያዙት?

በመንግሥት በኩል የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በመባል የሚታወቀው ተቋም መሥሪያ ቤቱ በዚሁ በከተማዋ ምሥራቅ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። በጂን ባንኩ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎች በከፍተኛ ቅዝቃዜ ተጠብቀዋል። ተቋሙን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት ዘሩ በባንክ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው ጭምር ነው። ምክንያቱም በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ይቆያል እንጂ አይናገርም። መቼ እንደሚዘራ፣ ምን ምግብ እንደሚወጣው፣ ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ የሚናገረው ሰው ነው።

ይህን ሐሳብ በተግባር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቢሾፍቱ ብዙም ሳይርቅ በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ አለ። በአካባቢው የተሻሻለ ስንዴ ሲስፋፋ የሀገሩ የማካሮኒ ስንዴ ዝርያዎች ከማሳ እየጠፉ ሄደው ነበር። በጂን ባንክ የቆዩት ዘሮች ተመልሰው በአርሶ አደሮች ማሳ ሲባዙ ዝርያዎቹ እንደገና ወደ አካባቢው ገቡ። የዘር ባንኩ አሠራር ለኅብረት ሥራ አባል እንግዳ አይደለም። አባሉ ዘር ይበደራል፣ ምርቱን ሲሰበስብ ከጭማሪ ጋር ይመልሳል፣ የተመለሰውም ለሌላ አባል ይሰጣል። ዘሩ በየዓመቱ ስለሚዘራ ዕውቀቱም አብሮት ይታደሳል።

በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብም የሚጠቀስ ነው። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ በደረደሩት የድንጋይ እርከን ድንጋያማና ደረቅ መሬታቸውን አልምተው ኖረዋል። አንዳንዱ እርከን እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። የባህል መልክዓ ምድራቸው በሰኔ 2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በካራት ከተማም ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች የተጠበቁበት ሙዚየም አለ። ከሙዚየሙ ይልቅ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው በየመንደሩ ባለው ሞራ፣ ማለትም በሕዝቡ የመሰብሰቢያ ቦታ ነው። እዚያ ሽማግሌው ሲናገር ወጣቱ ይሰማል። ጉዋራኒዎችም ኦፒ በሚሉት የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ለልጆች የሚያስተምሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ዕቃ በመስታወት ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ዕውቀት ግን የሚቆየው ሰው ከሰው ሲማር ነው።

ሊቋቋም የሚገባው ቤት

ከዚህ በላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ለዩኒየኑና ለአባል ማኅበራት የሚከተለው ሐሳብ ቀርቧል።

1ኛ. ለመነሻ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በአንድ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን አጠገብ አንድ ክፍልና ጥቂት የማሳያ መሬት በቂ ነው። መደርደሪያው ላይ ከየአባሉ የተሰበሰበ የሀገር ዘር የሰጪው ስም፣ የማሳው ቦታና የዘሩ ጠባይ ተጽፎበት ይቀመጥ።

2ኛ. ዘሩ በየዓመቱ ይዘራ። በኤጀሬ እንደታየው በብድር ወጥቶ ከጭማሪ ጋር የሚመለስ ይሁን።

3ኛ. የአዛውንቶች ቃል በራሳቸው ቋንቋ ይመዝገብ። የዚህ አካባቢ አርሶ አደር በብዛት ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ የአፈሩ፣ የሣሩና የነፋሱ ስም ሲተረጎም የሚጠፋ ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ እንደተነገረ ይጻፍ፣ ትርጉሙ ይከተል። ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ግን ለውጭ ሰው አይሰጥ።

4ኛ. የሚያስተምሩ አዛውንቶችና እናቶች የውሎ አበል ይከፈላቸው። ለሥልጠና የሚመጣ ባለሙያ አበል ከተከፈለው፣ ሞፈር መጥረብ ለሚያስተምሩ አባት የማይከፈልበት ምክንያት የለም። ከኮሚቴው አባላትም ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ።

5ኛ. መሬታቸው ወደ ከተማ የተካለለባቸው አርሶ አደሮችና ልጆቻቸው የቤቱ ሙሉ ተጠቃሚ ይሁኑ። በጓሮ አትክልት፣ በዶሮና በወተት ላም የተሰማሩት ያላቸው ዕውቀት ዛሬም ገበያ አለው። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን በመኸር ወቅት ወደ ማሳያው ይላኩ።

ወጪውን በተመለከተ ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ከሆኑት ሰባቱ መካከል አምስተኛው ትምህርትና ሥልጠና፣ ሰባተኛው ደግሞ ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው። ማኅበራት ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድቡት ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ከመርህ ጋር የሚጣጣም እንጂ የሚጋጭ አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ የጥንት የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ማዳበሪያ የሚሆነውን ኩበት ማንደድ፣ ተዳፋትን ያለ እርከን ማረስም ከአባቶች የመጡ ልማዶች ናቸው። ቤቱ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው እየፈተነ የሚለይ እንጂ ሁሉንም የሚያወድስ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ የባህል ቤት የመሬትና የኑሮ ምትክ አይሆንም። መሬቱን ላጣ አርሶ አደር ሞፈሩ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ እንጀራ አይሆነውም። ስለሆነም የሥራ ኃላፊዎች ፕላን በሚያወጡበት ጊዜ ለከተማ ግብርና የሚሆን ቦታ እንዲከልሉ፣ አርሶ አደሩም ከመነሣቱ በፊት ዘሩንና ዕውቀቱን የሚያስረክብበት ጊዜ እንዲሰጡት በአክብሮት ይጠየቃል። ከመነሣቱ በፊት አንድ መኸር ማለት ለከተማው ትንሽ ጊዜ ነው፣ ለዘሩ ግን ዕድሜው ነው።

የተከበራችሁ አባላት፦

አርሶ አደር በክፉ ዘመን እንኳ የዘር እህሉን ለመብላት እጁ ይከብደዋል። በ1977 ዓ.ም ረሀብ ጊዜ የዘር እህሉን እስከ መብላት የደረሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ክረምት በምን እንደሚያልፈው ያውቅ ነበር። ዕውቀትም የዘር እህል ነው። የዛሬዎቹ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ ካልተጠየቁ፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራ አይኖርም። የዘንድሮው በዓል ሲያልፍ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከአባላቱ መካከል ሦስት አዛውንቶችንና ሦስት እናቶችን መርጦ፣ በጓዳቸው የቀረውን አንድ አንድ ጣሳ የሀገር ዘር ከነታሪኩ ቢቀበል ቤቱ ተጀመረ ማለት ነው።

መልካም በዓል! መልካም የመኸር ዘመን!